በክላየንት ሰርተፊኬት ወደ ሰርቨር ፋይል እንዴት ይጫናል?

ከቢቸና ወይም ከፍኖተ ሰላም ቅርንጫፍ ሪፖርት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር ስትጭኑ፣ ሰርቨሩ ከይለፍ ቃል ሌላ ክላየንት ሰርተፊኬት ሊጠይቃችሁ ይችላል። ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጥ ዲጂታል መታወቂያ ነው። ሰርተፊኬቱን ኮምፒውተሩ ላይ መጫን የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሰው የሚያስቸግረው ቀኑ ነው።

በቅድሚያ የተላከላችሁን የሰርተፊኬት ፋይል ቅጥያ፣ ማለትም ከስሙ መጨረሻ ከነጥቡ በኋላ ያሉትን ፊደላት፣ እዩ። «ፒኤፍኤክስ» ወይም «ፒ12» ከሆነ ሰርተፊኬቱና የግል ቁልፉ (ሰርተፊኬቱ የእናንተ መሆኑን የሚያረጋግጠው ምስጢራዊ ክፍል) አብረው አሉ። «ሲአርቲ» ወይም «ሲኢአር» ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁልፍ የለውም። ዊንዶውስ ያለምንም ቅሬታ ይቀበለዋል፣ ሰርቨሩ ጋ ስትደርሱ ግን አይሠራም። የሚሠራው የሰርተፊኬቱ ጥያቄ ከዚያው ኮምፒውተር ተዘጋጅቶ ከነበረ፣ ቁልፉም እዚያው ካለ ብቻ ነው። የፋይሉን የይለፍ ቃል በስልክ ተቀበሉ። ፋይሉን በቴሌግራም ልኮ የይለፍ ቃሉን ከሥሩ መጻፍ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው።

ፋይሉን ሁለቴ ክሊክ አድርጉ፣ «ከረንት ዩዘር» የሚለውን ምረጡ፣ የይለፍ ቃሉን አስገቡ። ቁልፉ በኋላ ተመልሶ እንዲወጣ የሚፈቅደውን «ኤክስፖርተብል» የሚል ሳጥን ምልክት አታድርጉበት፤ ካደረጋችሁ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሊቀዳው ይችላል። የቀረውን በ«ኔክስት» እለፉት። ክሮምና ኤጅ ከዊንዶውስ ማስቀመጫ ያነቡታል። ፋየርፎክስ የራሱ ማስቀመጫ ስላለው፣ ካላገኘው በሴቲንግ ውስጥ «ቪው ሰርተፊኬትስ» ብላችሁ «ዩር ሰርተፊኬትስ» ላይ አስገቡት። ኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይ ግን ሰርተፊኬቱን በፍጹም አትጫኑ።

አሁን ወደ ቀኑ። ሰርተፊኬት የሚሠራው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ ነው፣ ቀኖቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ግን ዓመቱን 2018 ብሎ የሚሞላ አለ፤ ለኮምፒውተሩ ያ ብዙ ዓመት ያለፈ ዘመን ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ 9:00 በማለት ፈንታ 3:00 ብሎ የሚሞላም አይጠፋም። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒውተር ዛሬ ጠዋት የወጣን ሰርተፊኬት «ጊዜው ገና ነው» ይለዋል። ዓመቱ ከተሳሳተ ደግሞ ብራውዘሩ የሰርቨሩን ሰርተፊኬት ራሱ አይቀበልም፣ የእናንተም ከምርጫው ዝርዝር ሊሰወር ይችላል። ሰው ይህን ጊዜ ሰርተፊኬቱ የጠፋ መስሎት ደጋግሞ ይጭነዋል፤ ከንቱ ድካም ነው። የሰዓት ቀጠናውን ናይሮቢ ላይ አድርጉና «ሲንክ ናው» የሚለውን ተጫኑ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል፤ በብዙዎቹ ላይ ያለው ሲአር 2032 የሚባለው ክቡ ባትሪ ነው።

የማብቂያ ቀኑንም ስታነቡ ተጠንቀቁ። በአሜሪካ አጻጻፍ 6/7/2026 ማለት ጁን 7 ነው፣ በእኛ ግንቦት 30 ቀን 2018። በእኛ ልማድ መጋቢት 6 ብሎ ላነበበው ገና ስምንት ዓመት የቀረው ይመስለዋል። ቀኑን ለውጣችሁ ግድግዳው ላይ ባለው ካሌንደር አክብቡት፣ አንድ ወር ሲቀረው አዲስ ጠይቁ።

ከዚያ የሰርቨሩን ገጽ ክፈቱ፤ ሰርተፊኬት ምረጡ የሚል ሳጥን ይመጣል። በስህተት «ካንስል» ካላችሁ ብራውዘሩ ያንን ይይዝና ዳግመኛ ላይጠይቃችሁ ይችላል፣ ሰርቨሩም 400 ወይም 403 የሚል የስህተት ቁጥር ይመልሳል። ትሩን (ታቡን) ብቻ መዝጋት አይበቃም፤ የብራውዘሩን መስኮቶች በሙሉ ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱ። ኤችቲቲፒኤስን (በብራውዘሩና በሰርቨሩ መካከል ያለውን የተመሰጠረ ግንኙነት) የሚፈትሽ አንቲቫይረስም ሰርተፊኬቱ እንዳይደርስ ሊያደርግ ይችላል፤ አንቲቫይረሱን ሙሉ በሙሉ ከማጥፋት ያንን ሰርቨር ብቻ ከፍተሻው አስወጡት።

ስህተቱ 413 ከሆነ ሰርተፊኬታችሁ ደህና ነው፣ ፋይሉ ነው የገዘፈው። ኢንጂንኤክስ የተባለው የሰርቨር ሶፍትዌር ካልተለወጠ በቀር ከ1 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም፤ ገደቡን የሰርቨሩ ባለሙያ ያንሳው። በሞባይል ዳታ ከሆነ ትልቁን ፋይል ሴቨን ዚፕ በሚባለው ፋይል የሚያጭቅና የሚከፋፍል ፕሮግራም እየከፋፈላችሁ ጫኑ፣ ኔትወርኩ ሲቆረጥ የምትደግሙት አንዱን ክፍል ብቻ ይሆናል። ስትጨርሱ ፋይሉ ላይ በቀኝ ክሊክ የሴቨን ዚፕን «ሻ-256» ቁጥር (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ እንደ አሻራ የሚያገለግል የፊደልና የቁጥር ድርድር) አውጡና ተቀባዩ ካገኘው ጋር አስተያዩት። ልዩነት ካለ፣ አንድ ፊደልም ቢሆን፣ እንደገና ጫኑ።