ጠቅ ጠቅ የሚል ሞተር፣ ሲነሳ የሚያጨስ ማርሚታ፦ የፒክአፕ ምርመራን የሚያበላሹ ስህተቶች

ጠዋት ፒክአፑ ሲነሳ ከሞተሩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ከኋላ ማርሚታው አንድ ሁለቴ ጭስ ይተፋል። ትንሽ ቆይቶ ድምፁም ጭሱም ይጠፋል። ጋራዥ ሲደርስ መኪናው ጨዋ ነው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ያዳምጥና «ይሄ ደህና ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ይህስ ጥሩ። ክፉው «ታፔቱ ነው» ወይም «ፋሻው አልቋል» ብሎ በግምት መፍታት የጀመረ ዕለት ነው። ታፔት ቫልቮቹን የሚገፋው ክፍል ነው፤ ፋሻ ደግሞ የፒስተን ቀለበት።

ችግሩ ያን ያህል ረቂቅ ሆኖ አይደለም የሚያስቸግረው። ምልክቱ የሚታይበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ነው። ቀዝቅዞ ያደረ ሞተር በተነሳ በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች የሚያሳየውን ከያዙት ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። ካመለጠዎት ቀሪው ቀን ግምት ነው።

መኪናውን አሙቆ ጋራዥ መውሰድ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ሞተር ሲሞቅ ብረቱ ይለጠጣል። ቡሎኑ የተሰበረ የጭስ ማኒፎልድ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ቱቦ) ክፍተቱን በራሱ ጊዜ ይዘጋል። ሲሊንደሩ ውስጥ ላላ ብሎ የሚንኳኳ ፒስተን በሙቀት ሰፍቶ ቦታውን ይሞላል። ሌሊት ከሃይድሮሊክ ታፔቶች የወረደው ዘይት ይመለሳል። በቫልቭ ጎማ (ዘይት በቫልቩ ዘንግ ወደ ሲሊንደር እንዳይወርድ የሚይዘው) ሾልኮ የገባው ዘይትም ተቃጥሎ ያልቃል። መካኒኩ ጆሮው የቱንም ያህል የሰላ ቢሆን የሌለ ነገር አይሰማም።

ስለዚህ መኪናውን ማታ ወስደው እዚያው ያሳድሩት። ጠዋት መካኒኩ ራሱ ያስነሳው። ይህ ካልተቻለ በስልክ ሁለት ቪዲዮ ይቅረጹ፤ አንዱን ኮፈኑ ተከፍቶ ከሞተሩ በላይ፣ ሌላውን ከማርሚታው አጠገብ። ቁልፉን ሌላ ሰው ያዙር። ቀረጻው ሞተሪኖው ከመዞሩ በፊት መጀመር አለበት፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የተጀመረ ቪዲዮ ዋናውን ነገር አያገኘውም። መኪናው ስንት ሰዓት ቆሞ እንደነበር፣ ድምፁ ከስንት ሴኮንድ በኋላ እንደጠፋ፣ ጭሱ ምን ምን እንደሚል ይጻፉት።

ድምፁ የቆየበት ጊዜ ብቻውን ብዙ ነገር ይጠቁማል። ሁለት ሦስት ሴኮንድ ከሆነ ዘይት እስኪደርስ ነው። ብዙ የዘይት ፊልትሮ ውስጥ ዘይቱ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚይዝ ጎማ አለ። የማይረባ ፊልትሮ ላይ ይህ ጎማ ቶሎ ይደርቅና ዘይቱን ሌሊት ይለቀዋል። ድምፁ ደቂቃዎች ቆይቶ፣ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ከጠፋ ደግሞ ብረት እየሞቀ የዘጋው ነገር አለ፤ ማኒፎልድ ወይም ፒስተን ይጠርጠራል። ሲሞቅ ጭራሽ የሚብስ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

በነገራችን ላይ ያገለገለ ፒክአፕ ሊገዙ ሄደው ሞተሩ ሞቆ ከጠበቀዎት «ነገ ጠዋት እመለሳለሁ፤ እንዳታስነሱት» ይበሉ። ሻጩ ቅር ካለው መልሱን አገኙ።

የዘይቱን ልክ ሳያዩ ወደ ትልቁ መሮጥ

ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ግን ይዘለላል። ዘይት በጣም ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፤ ታፔቱም መንጣጣት ይጀምራል። ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ታፔት አይሞላም። የናፍጣ ሞተር ላይ ማንም ሳይጨምርበት ልኩ ከፍ ካለ ናፍጣ ወደ ዘይቱ እየገባ ሊሆን ይችላል። መለኪያ ዘንጉን አውጥተው ያሽትቱት።

ጠቅ ጠቅ ያለ ሁሉ ታፔት ነው ማለት

ይሄ ሱስ ሆኗል። ድምፅ ተሰማ፣ ታፔት ተገዛ። ድምፁ ግን እዚያው።

ብዙ ጊዜ ታፔትን አስመስሎ የሚያታልለው ከቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ብረት) እና ከማኒፎልድ መካከል የሚያፈተልክ ጭስ ነው። በቪ8 ፒክአፖች ላይ በተለይ የኋለኛው የማኒፎልድ ቡሎን መሰበር የታወቀ ነው፤ የፎርድ 5.4 ሊትርና የራም 5.7 ሄሚ ሞተሮች በዚህ ስማቸው ይነሳል። ጭንቅላቱ ተቆርጦ የወደቀ ቡሎን በባትሪ መብራት ይታያል። በመካከላቸው ባለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) መስመር ላይ ጥቁር የጥላሸት ዱካ ካዩ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

በዓይን ካልተገኘ አንድ ሜትር ገደማ የጎማ ቱቦ ይውሰዱ። አንዱን ጫፍ ጆሮዎ ላይ ያድርጉ፤ ሌላውን በማኒፎልዱ ዙሪያ ቀስ እያሉ ያዙሩት። ክፍተቱ ላይ ሲደርስ ጠቅታው ወደ «ፍስ ፍስ» ይለወጣል። ቱቦ የአየርን ድምፅ ይይዛል። የብረትን ድምፅ ለመያዝ ደግሞ ረጅም ካቻቢቴ ይሻላል፤ ጫፉን የቫልቭ ክዳኑ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዎ ሥር ካለው አጥንት ላይ ያሳርፉ። እጅጌዎንና ቱቦውን ከፋኑና ከቺንጋው ያርቁ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ መኪናው ደጅ ይሁን፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሞተር ጭስ ይገድላል።

ጭራሽ ጤነኛ የሆነ ጠቅታም አለ። ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጩ ሞተሮች ላይ ኢንጀክተሮቹ እንደ ጽሕፈት መኪና ያንጫጫሉ፤ ተፈጥሯቸው ነው። ከነዳጅ ታንኩ የሚመጣውን ትነት ወደ ሞተሩ የሚያሳልፈው ትንሽ ቫልቭም ጠቅ ጠቅ ይላል። እሱ ጋዝ ሲረገጥ ከሞተሩ ጋር አብሮ አይፈጥንም፤ በዚህ ይለያል። የካንዴላ ኮፍያ ተሰንጥቆ ኤሌክትሪኩ ወደ ቴስታታው ሲዘልም እንዲሁ ይንጣጣል። ማታ በጨለማ ኮፈኑን ቢከፍቱት ብልጭታውን ሊያዩት ይችላሉ።

የምቱ ፍጥነትም ይረዳል። ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) የሚዞረው በኮሎው ግማሽ ፍጥነት ነው። ሚኒሞው (ጋዝ ሳይረገጥ የሚዞርበት ፍጥነት) በደቂቃ 800 ዙር ላይ ከሆነ አንድ የላላ ታፔት በሴኮንድ 6 ወይም 7 ጊዜ ይመታል፤ ከታች ከኮሎው የሚመጣ ምት 13 ጊዜ ገደማ ነው። ቆጥሮ መድረስ አይቻልም። ግን ዘገም ያለው ከጥድፊያው በጆሮ ይለያል። የአንድ ሲሊንደር ጭስ ማፈትለክም በግማሹ ፍጥነት ስለሚመታ ይህ ብቻውን ከታፔት አይለየውም፤ ቱቦው ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ሲነሳ ለአፍታ ክርር የሚል፣ ካምሻፍቱን የሚያዞረውን ሰንሰለት ድምፅ ደግሞ «ትንሽ ናት» ብሎ ማለፍ ዋጋ ያስከፍላል። በቶዮታ 22አር ሞተር ላይ የሰንሰለቱ የፕላስቲክ መሪ ይሰበራል። ሰንሰለቱ ያኔ የፊት ክዳኑን እየፋቀ የውሃ መተላለፊያውን እስከ መብሳት ይደርሳል፤ ውሃውም ዘይት ውስጥ ይገባል።

ከታች የሚመጣ ምትን እንደ ጠቅታ ማየት

ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ይሄን ነው። የቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ዘንግ) ብሮንዚን፣ ማለትም በቢየላውና በኮሎው መካከል ያለው ስስ ብረት፣ ሲበላ የሚሰማው ድምፅ ወፈር ያለ ነው። ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን ይብሳል። ጋዝ ሰጥተው ሲለቁት ይጎላል። ይህን ከጠረጠሩ ሞተሩን ያጥፉና መኪናውን ያስጎትቱ፤ «እስከ ጋራዥ ብቻ» ብሎ የተነዳ ሞተር ኮሎውን ሊበላው፣ ቢየላውንም በብሎኩ ጎን ሊያወጣው ይችላል።

ከመፍታት በፊት የዘይት ግፊቱ በእውነተኛ ጌጅ፣ በሞቀ ሞተር ላይ ይለካ። ዳሽቦርድ ላይ ያለውን አይመኑ፤ በአንዳንድ ፒክአፖች ላይ ቀስቱ «አለ» ወይም «የለም» ከማለት የዘለለ አያውቅም። በልማድ ለየ1000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ ገደማ ይጠበቃል፤ የመጨረሻው ዳኛ ግን የሞተሩ ማኑዋል ነው። ከዚያ ሲሊንደሮቹን በየተራ ሥራ ማስፈታት ነው፦ የኮይሉን ወይም የኢንጀክተሩን የኤሌክትሪክ ሶኬት በመንቀል። ምቱ የቀነሰበት ሲሊንደር ተጠርጣሪው ነው።

በድሮ የናፍጣ ሞተር ይህ የሚደረገው የኖዝሉን ቱቦ በማላላት ነበር። ኮመን ሬል (ኢንጀክተሮቹ ሁሉ ከአንድ የከፍተኛ ግፊት ቱቦ ነዳጅ የሚያገኙበት የናፍጣ ሞተር) ላይ በጭራሽ እንዳይሞክሩት። በዘመናዊዎቹ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት 1600 እስከ 2000 ባር ይደርሳል፤ ቆዳን በስቶ ይገባል።

አውቶማቲክ ማርሽ ከሆነ ደግሞ ሞተር ከመውረዱ በፊት የኮንቨርተሩ (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘው ክፍል) ቡሎኖች ይፈተሹ። ሲላሉ ወይም የሚያያዙበት ዲስክ ሲሰነጠቅ ድምፁ ከብሮንዚን አይለይም።

በወፍራም ዘይት ማፈን

ጆሮን ማታለል ነው። ወፍራም ዘይት ጠዋት ላይ ቀስ ብሎ ስለሚደርስ የታፔቱን ጠቅታ ሊያስረዝመው ይችላል። የቫልቭ ሰዓት የሚያስተካክሉት ክፍሎች በዘይት ግፊትና በጠባብ ቀዳዳ ስለሚሠሩ እነሱም ይዘገያሉ። የተበላ ብሮንዚን ከሆነ ደግሞ ድምፁን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍንና ጉዳቱ ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል።

ነጭ ጭስ ሲያዩ ቴስታታ ማውረድ

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። በቀዝቃዛ ማርሚታ ውስጥ ይህ ውሃ ይጠራቀማል፤ ጠዋት በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ከጫፉ ትንሽ ርቆ የሚበተን፣ ሽታ የሌለው ከሆነ ይተዉት።

ናፍጣ ሞተር ላይ ዓይን የሚያቃጥልና ጥሬ ናፍጣ የሚሸት ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው። መጀመሪያ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ይለኩ። ጤነኛው በኦም መለኪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 1 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ የሞተው ጭራሽ አያስተላልፍም። ከቴስታታ ማውረድ ጋር የሚወዳደር ሥራ አይደለም።

ጣፋጭ ጣፋጭ የሚሸት፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚቆይ ጭስ ከሆነና የራዲያተር ውሃ ከጎደለ ያኔ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠርጠር። ቢሆንም ይረጋገጥ። ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣውን አየር በሰማያዊ መመርመሪያ ፈሳሽ ውስጥ ማሳለፍ አንዱ መንገድ ነው፤ የተቃጠለ ጋዝ ካለ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። የራዲያተሩ ክዳን የሚከፈተው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ሌላው መንገድ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ራዲያተሩን በእጅ ፓምፕ ግፊት ሰጥቶ ማቆየትና ካንዴላዎቹን ነቅሎ ማየት ነው። ውሃ የሚገባበት ሲሊንደር ውስጥ የፒስተኑ አናት ከሌሎቹ ይልቅ ታጥቦ የነጻ ይሆናል።

ጠዋት ሞተሪኖው «ጓ» ብሎ ድንገት ቀጥ ካለ ደግመው አይሞክሩ። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ውሃ አይታመቅም፣ ቢየላው ይጣመማል። ካንዴላዎቹ ተነቅለው ይዙር።

ሰማያዊ ጭስ አይቶ ፋሻ መግዛት

ሰማያዊ ጭስ የዘይት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ዘይቱ በየት እንደገባ ግን ቀለሙ አይናገርም። የሚናገረው የሚወጣበት ሰዓት ነው።

ካደረ በኋላ ሲነሳ ቡፍ ብሎ የሚጸዳ ከሆነ የቫልቭ ጎማዎቹ ናቸው፤ ሌሊቱን ጠብታ ጠብታ አሳልፈዋል። ለማረጋገጥ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች በሚኒሞ ያቆዩትና አንዴ ጋዝ ይስጡት። ወይም የቤንዚን ሞተር ከሆነ ረጅም ቁልቁለት ጋዝ ሳይረግጡ ወርደው፣ ታች ሲደርሱ ሲረግጡ የኋላውን በመስታወት ይዩ። በሁለቱም ጊዜ ቡፍ ካለ ጎማዎቹ ወይም የቫልቭ መሪዎቹ ናቸው። ዳገት ላይ በጭነት ሳያቋርጥ የሚያጨስ፣ የዘይት መሙያ ክዳኑ ሲከፈት በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ ወደ ፋሻ ያመዝናል።

መጭመቂያው (ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት) ይለካ። ቤንዚን ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ 10 እስከ 14 ባር፣ ናፍጣ ላይ 25 እስከ 35 ባር ይገኛል። ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይዩ። ቤንዚን ላይ ሲሊንደሩ ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻ ነው። ናፍጣ ላይ ይህ ያሳስታል፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ዘይቱ ራሱ ቁጥሩን ያወጣዋል። ብዙ ሞተሮች ላይ የቫልቭ ጎማ ቴስታታ ሳይወርድ፣ ሲሊንደሩን በኮምፕሬሰር አየር ሞልቶ ቫልቮቹን ደግፎ መቀየር ይቻላል። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ይፈልጉ። ቱርቦ ካለው ደግሞ የዘይት መመለሻ ቱቦው መዘጋቱ አስቀድሞ ይታይ።

ድምፁንና ጭሱን አንድ በሽታ ማድረግ

ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በአንድ ጠዋት ስለታዩ ብቻ ይጋባሉ። የተሰበረ ቡሎንና የደረቀ የቫልቭ ጎማ አይተዋወቁም።

በእርግጥ የሚገናኙበት ጊዜ አለ። ዘይቱ ረጅም ጊዜ ሳይቀየር ቆይቶ ወደ ዝቃጭ ሲለወጥ የቴስታታው መውረጃ ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፤ ዘይቱ በቫልቭ ጎማዎቹ ላይ ይተኛል፣ ያው ዝቃጭ የታፔቶቹንም መንገድ ይዘጋል። በናፍጣ ሞተር ደግሞ ከኢንጀክተሩ ሥር ያለው የመዳብ ዋሸር ሲያስተነፍስ ጠቅታና ጭስ አብረው ይመጣሉ። በቶዮታ ሃይሉክስ 1ኬዲ 3.0 ሞተር ይህ የታወቀ ነው። የሚያፈተልከው ጋዝ በቫልቭ ክዳኑ ሥር ጥላሸቱን ዘይቱ ውስጥ ያራግፋል፤ ጥላሸቱ ታች ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይዘጋዋል። እዚያ ላይ ዋሸሩን ቀይሮ ካርተሩን (ከታች ያለውን የዘይት መያዣ) ሳይከፍቱ ወንፊቱን ሳያዩ መዝጋት ግማሽ ሥራ ነው።

«ይጽዳ» ብሎ ቀዝቃዛ ሞተር መርገጥ

ዘይት ገና ባልደረሰበት ብረት ላይ ጋዝ መርገጥ ምርመራ አይደለም። የነበረውን ምልክትም ይዞት ይጠፋል።

ለአንዲት ቡፍታ ሞተር ማውረድ

ሲነሳ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጸዳ፣ ዘይት የማይበላ፣ መጭመቂያው የተስተካከለ ሞተር ነገ አይሞትም። በየ1000 ኪሎ ሜትሩ ስንት ዘይት እንደጨመሩ ይመዝግቡ። ቁጥሩ ካልጨመረ ጎማዎቹን በሌላ ሥራ አጋጣሚ መቀየር ይቻላል። ከፍ እያለ ከሄደ ግን አይጠብቁ፤ የሚቃጠለው ዘይት ካንዴላውን ያጠቁረዋል፣ ጭስ ማጣሪያ ያለው መኪና ላይ ደግሞ ከቫልቭ ጎማው በላይ የሚያስወጣው ማጣሪያው ነው።