ፕራይቬት ኪያችሁ ከላፕቶፓችሁ አይውጣ

ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ቡና ይዘን ተቀምጠናል። የእህቴ ልጅ ፖሊ ግቢ ነው የምትማረው። «ጋሼ፣ ጊትሃብ ፓስወርዴን እምቢ አለኝ» ብላ ላፕቶፗን ወደ እኔ አዞረችው። ፓስወርዱ ልክ ነው። ጊትሃብ (ኮድ የምናስቀምጥበት ድረ ገጽ) ግን ከነሐሴ 7 ቀን 2013 ጀምሮ ኮድ ፑሽ ስናደርግ፣ ማለትም ከማሽናችን ወደ እሱ ስንልክ፣ የአካውንት ፓስወርድ አይቀበልም። እኔ የምመርጠው መፍትሔ የኤስኤስኤች ቁልፍ ነው፤ በፓስወርድ ፈንታ ማንነታችሁን የሚያረጋግጥ ጥንድ ፋይል ማለት ነው።

ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቱ። ዊንዶውስ ላይ ጊት ባሽ ይበቃል። የኤስኤስኤች-ኪጄንን ትዕዛዝ ጻፉና ዓይነቱን ኢዲ25519 በሉት፤ አጭርም ጠንካራም ነው። የት ላስቀምጥ ሲላችሁ ኢንተር በሉ። «ፋይሉ አለ፣ ልተካው?» ካለ ግን እሺ አትበሉ፤ የድሮው ቁልፋችሁ ይጠፋል።

ቀጥሎ ፓስፍሬዝ (የቁልፉን የራሱን ፓስወርድ) ይጠይቃል። ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ኮከብ እንኳ አይታይም። የእህቴ ልጅ ኪቦርዱ የተበላሸ መስሏት ደነገጠች። እየተጻፈ ነው፣ ቀጥሉ። ባዶውን አትለፉት። ላፕቶፕ ባጃጅ ውስጥ ይረሳል፣ ይሰረቃልም። በየጊዜው መጻፉ ከሰለቻችሁ ኤስኤስኤች-ኤጀንት የሚባለው ፕሮግራም ይይዝላችኋል።

አሁን ሁለት ፋይል አላችሁ። መጨረሻው ዶት ፐብ የሚለው ፐብሊክ ኪይ ነው፤ ማንም ቢያየው ችግር የለውም። ሌላው ፕራይቬት ኪይ ነው። በቴሌግራም አይላክም፣ በፍላሽ አይዞርም፣ ሪፖ (የኮዳችሁ ማኅደር) ውስጥ አይገባም። ድሮ የሠራሁበት ቦታ አንዱን ቁልፍ ለሁላችን በፍላሽ አደሉን። የአንዱ ልጅ ላፕቶፕ ሲጠፋ ቁልፉን ማጥፋት ግድ ሆነ፤ ሁላችንም ውጭ ቀረን። ለእያንዳንዱ ማሽን የራሱን ቁልፍ አውጡለት። አንዱ ቢጠፋ ያንን ብቻ ከአካውንታችሁ ትሰርዛላችሁ።

ዶት ፐብ የሚለውን ከፍታችሁ ሙሉውን ኮፒ አድርጉ። አንድ መስመር ነው፣ «ኤስኤስኤች-ኢዲ25519» ብሎ ይጀምራል። በሰረዞች ጀምሮ «ቢጊን» የሚል ካያችሁ ፕራይቬቱን ነው የከፈታችሁት፤ ወዲያው ዝጉት። ጊትሃብ ላይ ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ «ኒው ኤስኤስኤች ኪይ» የሚለውን ተጫኑና ፔስት አድርጉ። ስሙን «የቤት ላፕቶፕ» ብትሉት በኋላ የቱ የቱ እንደሆነ አይጠፋችሁም።

ለመሞከር ኤስኤስኤች ሰረዝ ትልቁ ቲ፣ ከዚያ ጊት አት ጊትሃብ ዶት ኮም። መጀመሪያ ቀን የሰርቨሩን ፊንገርፕሪንት (የቁልፉን አጭር መለያ) አሳይቶ «የስ ወይስ ኖ?» ይላል። ብዙ ሰው ሳያነብ የስ ይላል። እባካችሁ ጊትሃብ ራሱ ካወጣው ጋር አስተያዩት። ጊትሃብም መጋቢት 15 ቀን 2015 የሰርቨሩን የአርኤስኤ ቁልፍ (ሌላ የቁልፍ ዓይነት ነው) ቀይሯል፤ ፕራይቬት ኪዩ ለአጭር ጊዜ ይፋዊ ሪፖ ላይ ወጥቶ ስለነበር።

እኛ ስንሞክር ዝም ብሎ ቆመ። የካፌው ዋይፋይ ኤስኤስኤች የሚሄድበትን በር፣ ፖርት 22ን፣ ዘግቶታል። የኤስኤስኤች ኮንፊግ ፋይል ውስጥ አድራሻውን ኤስኤስኤች ዶት ጊትሃብ ዶት ኮም፣ ፖርቱን 443 አደረግነው። ወዲያው «ሃይ» ብሎ የተጠቃሚ ስሟን ጻፈ።

ከዚህ በኋላም ፓስወርድ ከጠየቃችሁ ሪፖውን በኤችቲቲፒኤስ አድራሻው ክሎን አድርጋችሁት (ወደ ማሽናችሁ ገልብጣችሁት) ነው። በጊት ሪሞት ሴት-ዩአርኤል ወደ ኤስኤስኤች አድራሻው ቀይሩት። እሷም ቀየረችና ፑሽ አለች። ቡናዋ ቀዝቅዞ ነበር፣ ሌላ አዘዝንላት።