ሸክሙ ለምን ከበደ? ስሜን ለሚወጡ የጎንደር ተጓዦች ችግርና መፍትሄ

ወዳጆቼ ከጎንደር ተነስተው ስሜን ተራሮች ወጥተው ሲመለሱ፣ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮና ስለ ገደሉ እንዲያወሩኝ እጠብቃለሁ። ብዙዎቹ ግን የሚያነሱት የትከሻቸውን ሕመም ነው። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም እኔም የመጀመሪያ ጉዞዬን ያጣሁት በዚሁ ነው። ከሳንቃበር ካምፕ ወደ ግጭ ካምፕ ስንሄድ፣ የጅንባርን ወንዝ ተሻግሮ ያለውን ዳገት አንገቴን ደፍቼ ነው የጨረስኩት። የጓሳ ሣሩንም የጅብራ ተክሉንም ልብ ብዬ አላየሁም። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ወጥቻለሁ። ያጋጠመኝንና የፈታሁበትን መንገድ እንደ ምልክቱ ላስቀምጥላችሁ።

ቦርሳውን ከመሬት ለማንሳት ሰው ያስፈልጋል

ይሄ ችግር የሚፈጠረው ተራራው ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው። ስንጭን "ምናልባት ቢያስፈልግ" እያልን እንጭናለን። ማንም አይመዝንም።

እናንተ መዝኑ። የሰው ሚዛን ካለ መጀመሪያ ባዶአችሁን፣ ቀጥሎ ቦርሳውን አዝላችሁ ውጡበትና ልዩነቱን ያዙ። ከሌለ ቅዳሜ ገበያ እህል የሚመዝን ነጋዴ ጠይቁ፤ ደስ ብሎት ያንጠለጥልላችኋል። ለብዙ ቀን ጉዞ የሚሠራበት ልክ ከሰውነት ክብደት 20 በመቶ ገደማ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ኪሎ ይሸከም ማለት ነው። እኔ ያኔ 62 ኪሎ ነበርኩ፣ ቦርሳዬ 19። ከ30 በመቶ ትንሽ ያልፋል።

ቀጥሎ ሁሉንም ምንጣፍ ላይ ዘርግፉት። ጂንስ ሱሪ ይውጣ፤ ከባድ ነው፣ ከረጠበም ቶሎ አይደርቅም። ሦስተኛው ሹራብ ይውጣ። አራት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ አራት ቢላዋ፣ አራት ሳሙናና አራት ድስት አያስፈልግም። ማን ምን እንደሚይዝ ቀድማችሁ በስልክ ተነጋገሩ።

ጋቢን በተመለከተ ብዙዎች ይቆጡኛል። ጋቢ እወዳለሁ፤ ለጎንደር ምሽት የሚተካው የለም። ግን ጥጥ ነው፣ ጤዛ ይጠጣል፣ ከጠጣ በኋላ ይከብዳል እንጂ አያሞቅም። ግጭ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውርጭ ይጥላል። አንድ ጥሩ ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ይበልጣል። ከሌላችሁ የፓርኩ መግቢያ ከተማ ደባርቅ ላይ የሚያከራይ ጠይቁ።

ከመነሳታችሁ ሳምንት ቀደም ብሎ የሞላውን ቦርሳ አዝላችሁ ከፒያሳ ወደ ጎሃ ተራራ ውጡ፣ ውረዱ፣ ድገሙት። እዚያ ያልተመቸ ቦርሳ ስሜን ላይ አይመችም።

ምግቡ ይከብዳል፣ ግን አያጠግብም

ምክንያቱ ውሃ ነው። ትኩስ እንጀራ ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው። ድንች፣ ቲማቲም፣ ብርቱካንም እንደዚሁ። የሰርዲን ጣሳ ደግሞ ቆርቆሮውም ይመዘናል፣ ባዶውም ተመልሶ ይወርዳል። ፓርክ ውስጥ ጥሎ መምጣት ነውር ነው።

እዚህ ላይ አያቶቻችን ቀድመውናል። ዘማቹም፣ አዳኙም፣ ሲራራ ነጋዴውም ስንቁ በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ነበር። ሁሉም ውሃው የወጣለት ነው። (አደን ዛሬ በስሜን ፓርክ ክልክል ነው፤ ዋልያ ያለው እዚሁ ኢትዮጵያ ብቻ ነው። የአዳኙ ስንቅ ግን ለእግረኛ ሁሉ ይሆናል።) ውጭ አገር ተራራ ወጪዎች በውድ የሚገዙት ደረቅ ምግብ የእናቶቻችን ጓዳ ውስጥ አለ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ይሰጣል። አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን 4 ገደማ። ስለዚህ በቅቤ የታሸ ጭኮ በትንሽ ክብደት ብዙ ጉልበት ይይዛል። ኑግና ሱፍ ያለበት ቆሎም እንዲሁ። ለአንድ ሰው በቀን ከ700 እስከ 900 ግራም ደረቅ ስንቅ ያዙ። የየቀኑን ለየብቻው በፌስታል ቋጥሩ፤ ያኔ ከልክ በላይ መያዛችሁ ወዲያው ይታያችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፍታ ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ግጭ ላይ በ88 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ምስር ወይም የአተር ክክ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ቶሎ አይበስልላችሁም፤ ነዳጁ ያልቃል፣ ያንን ነዳጅም የተሸከማችሁት እናንተው ናችሁ። ፓርኩ ውስጥ እንጨት መቁረጥም አይታሰብም። ሽሮ፣ በሶና ገንፎ ግን ቶሎ ይደርሳሉ። ድርቆሽ ላይ የሽሮ ወጥ አፍስሱበት። ከቀን ጉዞ በኋላ እንደሱ የሚጥም ነገር አላገኘሁም።

ትከሻ ይቃጠላል፣ ጣት ይደነዝዛል

ብዙ ሰው ይሄን የክብደት ችግር ያደርገዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የማሰር ችግር ነው። ሸክሙ ማረፍ ያለበት ዳሌ ላይ ነው፣ ትከሻ ላይ አይደለም። የወገብ ቀበቶው እምብርት ላይ ከታሰረ ሆድ ይጫናል፣ ክብደቱም ወደ ትከሻ ይመለሳል። የጣት መደንዘዝ የሚመጣው ማንገቻው ብብትና ትከሻ አካባቢ ነርቭ ሲጫን ነው።

ማንገቻዎቹን ሁሉ አላሉ። ቦርሳውን አዝሉና ትንሽ ጎንበስ በሉ። ቀበቶውን በዳሌ አጥንት ላይ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጉ። ከዚያ ቀና ብላችሁ የትከሻውን ማንገቻ ቦርሳው ጀርባችሁን እስኪነካ ብቻ ሳቡ። መዳፋችሁ በማንገቻውና በትከሻችሁ መካከል በቀላሉ መግባት አለበት። ቀበቶ የሌለው የትምህርት ቤት ቦርሳ ከሆነ የያዛችሁት፣ ከ6 ወይም 7 ኪሎ በላይ አትጫኑበት። ሌላውን ለበቅሎ ስጡ።

ቦርሳው ወደ ኋላ ይጎትታል ወይም ይወዛወዛል

ከባዱ ነገር ከጀርባ ርቋል። ስንቁንና ውሃውን ከጀርባችሁ ጋር አስጠግታችሁ በትከሻ አጥንቶች መካከል አድርጉት። ስሊፒንግ ባጉ ከታች፣ ቀላል ልብስ ከውጭ። ከጎን ምንም አይንጠልጠል። ገደል ዳር ለሚሄድ ሰው ይሄ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከትናንቱ ይከብዳል

ድንኳኑ ጤዛ ጠጥቷል። ፀሐይ እስኪያገኘው ጠብቁ። ካልሆነም በደንብ አራግፉና ለብቻው በፌስታል አስሩ። ቁርስ ላይ ግማሽ ሰዓት መቆየት የረጠበ ሸራ ከመሸከም ይሻላል።

የውሃው ክብደት

አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። እኔ በመጀመሪያው ጉዞ አራት ባለ 1.5 ሊትር ሃይላንድ ይዤ ነበር፤ 6 ኪሎ ውሃ። ግን ሳንቃበርም፣ ግጭም፣ ቀጥሎ ያለው የጨነቅ ካምፕም ውሃ አለ። በመካከልም ጅንባርን ትሻገራላችሁ። 2 ሊትር ይዛችሁ፣ በየደረሳችሁበት እየሞላችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ለአስጎብኚው "ቀጣዩ ውሃ የት ነው?" በሉት፤ በበጋው መጨረሻ አንዳንዱ ምንጭ ይሳሳል። የምትቀዱትን አፍሉት፣ ከፈላ በኋላም 3 ደቂቃ ይንተክተክ። ወይ የውሃ ማከሚያ እንክብል ያዙ፤ ክብደቱ የለም ማለት ይቻላል።

በውሃው ብቻ 4 ኪሎ ቀነስኩ። እንጀራውን በድርቆሽ፣ ጣሳውን በጭኮ ስተካ፣ ጂንሱንም ስተው 3 ኪሎ ሄደ። 19 የነበረው 12 ሆነ። አዲስ ዕቃ አልገዛሁም።

በቅሎ ተከራይተንም ችግር አለ

ደባርቅ ላይ አጃቢ ጠባቂ (ስካውት) እና አስጎብኚ ስትይዙ በቅሎም ታገኛላችሁ። ተከራዩ፤ ለአካባቢው ሰውም እንጀራ ነው። ግን አንድ ትልቅ ሻንጣ አታምጡ። ጭነት በግራና በቀኝ እኩል ካልሆነ ይዘማል፣ የእንስሳዋን ጀርባ ያቆስላል። እኩል የሚመዝኑ ሁለት ለስላሳ ከረጢቶች አድርጉ። የበቅሎው ባለቤት "በዛ" ካለ በዝቷል፤ አትከራከሩት።

በቅሎዋ በሌላ መንገድ ሄዳ ዘግይታ ልትደርስ ትችላለች። ስለዚህ ውሃ፣ የዕለት ስንቅ፣ የዝናብ ልብስ፣ አንድ ወፍራም ሹራብ፣ የግንባር ባትሪና መድኃኒታችሁ ከጀርባችሁ አይለዩ።

ሸክሙ ቀሏል፣ እግር ግን አልሄድም አለ

ቁልቁለት ላይ ጉልበት ብቻ ከሆነ የሚያማችሁ ዱላ ያዙ፣ እርምጃችሁን አሳጥሩ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የምግብ ፍላጎት ማጣት ካለበት ግን ጉዳዩ የቦርሳ አይደለም። የከፍታ ሕመም ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የቧሂት ተራራ ከ4,400 ያልፋል። ሰውነት ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ ማደር ይረዳል።

ምልክቱ ከታየ በዚያ ቀን ከዚያ በላይ አትውጡ። ጓደኛችሁ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው፣ እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ጠዋትን አትጠብቁ። ወዲያውኑ ይውረድ። ብቻውን አይላክ፤ ቦርሳውንም ሌላ ሰው ይያዝለት።