ወንዝ ዳር ያለን ማሳ በሲአርፒ አስመዝግቦ ዓመታዊ ኪራይ እንዴት ማግኘት ይቻላል?

በአሜሪካ ገጠር ካውንቲዎች አፈሩ የሚሸረሸር ወይም ወንዝ ዳር ያለ ማሳውን ማረስ ትቶ ሣር ወይም ዛፍ ለሚያለብስ ገበሬ የፌዴራሉ መንግሥት በየዓመቱ ኪራይ ይከፍላል። ፕሮግራሙ ሲአርፒ (CRP፣ Conservation Reserve Program) ይባላል፤ በ1985 (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) የእርሻ ሕግ የተጀመረ ነው። ውሉ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይዘልቃል።

መጀመሪያ የመሬቱን ታሪክ ያጣሩ። የ2018ቱ የእርሻ ሕግ ማሳው ከ2012 እስከ 2017 ከነበሩት 6 ዓመታት ቢያንስ በ4ቱ የታረሰ እንዲሆን ይጠይቃል። መሬቱ በእጅዎ ከገባም 12 ወር መሙላት አለበት፤ በውርስ ለመጣ መሬት ግን ይህ ላይጠየቅ ይችላል።

ከዚያ ካውንቲውን ወደሚያገለግለው የእርሻ አገልግሎት ኤጀንሲ ቢሮ ቀጠሮ ይዘው ይሂዱ። የባለቤትነት ሰነድ፣ መታወቂያ፣ የግብር ቁጥር እና መሬቱን ሌላ ሰው የሚያርሰው ከሆነ የኪራይ ውሉን ይያዙ። እንግሊዝኛ ካስቸገረዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ በነፃ ነው። ማመልከቻውም በነፃ ስለሆነ «አስጨርስልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የቢሮው ሰው አይደለም። እዚያው ኤዲ-1026 (የአፈርና የረግረግ መሬት ጥበቃ ደንብን ስለማክበር)፣ ሲሲሲ-902 (የእርሻ ሥራው ዕቅድ) እና ሲሲሲ-941 (የገቢ ማረጋገጫ) የሚባሉትን ቅጾች ይሞላሉ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ውሉ ቢጸድቅም ክፍያው ይቆማል።

የመመዝገቢያው መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አጠቃላዩ ምዝገባ ውድድር ነው፤ ማመልከቻዎች በነጥብ ይበላለጣሉ፣ ዝቅተኛ ኪራይ የጠየቀም ነጥብ ያገኛል። ተከታታዩ ምዝገባ ግን ለወንዝ ዳር ሣር፣ ለጎርፍ መውረጃና ለመሳሰሉት የተተወ ስለሆነ ውድድር የለበትም። ለትንሽ ገበሬ የሚያዋጣው ይኸኛው ነው።

በምሳሌ እናስላው። የሣሩ ስፋት 60 ጫማ፣ በወንዙ ዳር ያለው ርዝመት ግማሽ ማይል ማለትም 2,640 ጫማ ቢሆን 158,400 ካሬ ጫማ ይሆናል። አንድ ኤከር 43,560 ካሬ ጫማ ነውና ለ43,560 ሲካፈል 3.6 ኤከር ገደማ ይመጣል። (ጥማድ ለለመደ፣ ኤከር ማለት 1.6 ጥማድ ያህል ነው።) በኤከር 200 ዶላር ቢታሰብ በዓመት 727 ዶላር አካባቢ ነው። ትክክለኛው ዋጋ በአፈሩ ዓይነትና በካውንቲው የመሬት ኪራይ ስለሚወሰን ከመፈረምዎ በፊት የእርስዎን ማሳ ዋጋ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ቀጥሎ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ አገልግሎት ባለሙያ ማሳውን አይቶ ዕቅድ ያወጣል፤ የዘሩ ዓይነት፣ መጠንና የሚዘራበት ጊዜ በዕቅዱ ይሰፍራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ወቅቱ እንዳያልፍ ብሎ ውሉ ሳይጸድቅ ይዘራል። ያን ጊዜ መንግሥት የሚጋራው የማልሚያ ወጪ፣ እስከ 50 በመቶ የሚደርሰው፣ ይቀራል። የዘሩን ደረሰኝና ከከረጢቱ ላይ ያለውን መለያ ወረቀት አይጣሉ፤ ወጪው የሚታሰበው በእነሱ ነው።

ኪራዩ በየዓመቱ ከኦክቶበር 1 በኋላ ባንክ ይገባል። ገቢ ስለሆነ ግብር አለበት።

ውሉ ከጸና በኋላ አረም መቆጣጠር የእርስዎ ኃላፊነት ነው፤ ነገር ግን ወፎች ጎጆ በሚሠሩበት ወቅት ሣሩን ማጨድ ክልክል ነው። ቀኑ እንደየግዛቱ ስለሚለያይ ማጭድ ከማንሳትዎ በፊት ቢሮውን ይጠይቁ። የእህል ዋጋ ጨመረ ብለው በ6ኛው ዓመት መልሰው ቢያርሱት፣ እስከዚያ የተቀበሉትን ኪራይና የማልሚያ ድጋፍ ከነወለዱ ይመልሳሉ፤ በዚያ ላይ የአንድ ዓመት ኪራይ 25 በመቶ ቅጣት አለ። መሬቱን ከሸጡም ገዢው ውሉን ካልተረከበ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ ይህን በሽያጭ ውሉ ላይ ያስጽፉት።