ድሬ ላይ ኅብረተሰብ ለምታስጠኑ፦ ከደንገጎ ጀምሩ

አንድ ልጅ ለብቻው የምታስጠኑ ከሆነ፣ ቆላና ወይና ደጋን ከደብተር አታሸምድዱት። "ሐረር ስትሄድ ጃኬት የምትይዘው ለምንድን ነው?" በሉትና ዝም በሉ። ቶሎ አትመልሱለት፤ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት በሚኒባስ የወጣ ልጅ መልሱን ራሱ ያመጣዋል።

ከዚያ መንገዱን ከጎን እንደሚታይ አድርጎ ይሣለው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 የሚጠጋ። 1,500 ላይ አግድም መስመር ያስምር፤ ከሥሩ ቆላ፣ ከላዩ ወይና ደጋ። ጫቱም ቡናውም ከየት እንደሚወርድ ያኔ ይገባዋል።

ያው ሥዕል ለታሪኩም ይሠራል። የጅቡቲው ባቡር ሐረርን ትቶ ታች የቀረው በዚሁ ዳገት የተነሳ ነው፤ ድሬዳዋም በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ተቆረቆረች። ልጁ ኢንተርኔት ላይ 1902 ብሎ ካገኘ አትደንግጡ፣ እ.ኤ.አ. ነው። ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." መጻፍ ይልመድ፤ ፈተና ላይ ብዙ ልጅ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ሰዓቱን ከአሥራ አንድ በኋላ አድርጉት። በቀትር ሙቀት እንኳን ልጁ አስጠኚውም ያንቀላፋል።