ለአሮጌ ላንድክሩዘር የብረት ፓራውልት አሠራር

ኤርባግ ለሌለው አሮጌ ላንድክሩዘር ፓራውልት (የፊት መከላከያ ባምፐር) ለመሥራት ያሰበ ሰው፣ ብረት ከመቁረጡ በፊት ቅርጹን በካርቶን አውጥቶ መኪናው ላይ ቢለካው ከሚባክን ላሜራ ይድናል። (ኤርባግ ባለው መኪና ላይ ጠንካራ ብረት ኤርባጉ የሚፈነዳበትን ቅጽበት ሊያዛባ ስለሚችል፣ ባይሞከር ይሻላል።) ለፊት ገጹ 4 ሚሊሜትር ላሜራ በቂ ሲሆን፣ ከሻሲው ጋር የሚያያዘው መያዣ ግን ከ8 ሚሊሜትር ባይሳሳ ይመረጣል። ቦዲው በጎማ ላይ ስለሚቀመጥና ከሻሲው ተለይቶ ስለሚወዛወዝ፣ በፓራውልቱና በቦዲው መካከል 2 ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት መተው ያስፈልጋል፤ ይህን የዘነጋ ሰው ከመጀመሪያው የኮረኮንች መንገድ የተፋቀ ቀለም ይዞ ይመለሳል።

መኪናው ላይ እንዳለ የሚበየደው በነጥብ በነጥብ ለመያዝ ያህል ብቻ ነው፤ ያኔም የባትሪው ገመዶች አስቀድመው ይነቀላሉ። ሙሉው ብየዳ ፓራውልቱ ከወረደ በኋላ ይሠራል። አንዱን መስመር በአንድ ትንፋሽ እስከ ጫፍ መበየድ ላሜራውን ስለሚያጣምመው፣ 5 ሴንቲሜትር ያህል በይዶ ወደ ተቃራኒው ጎን መሻገር ይበጃል። ብየዳው ላይ የሚቀረው ቅርፊት በመዶሻ ተመትቶ ሲነሣ ከሥሩ ቀዳዳ ከታየ፣ በቀለም መሸፈን ሳይሆን በግራይንደር ፍቆ እንደገና መበየድ ግድ ነው። ዚንክ የተለበጠ ቱቦ ከተጨመረበት፣ ሲበየድ የሚወጣው ጢስ ስለሚያሳምም፣ ልባጡ ከብየዳ በፊት ይፋቃል። መያዣው ከሻሲው ጋር የጥንካሬ ደረጃው 8.8 በሆነ ቡሎን ይታሰራል እንጂ አይበየድም።