ቻርጀሩ ነው ወይስ ኬብሉ? ለክታችሁ ለዩት

ኮዬ ፈጬም ሆነ ቱሉ ዲምቱ መብራት መጥቶ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ሲሄድ ስልካችሁ ግማሽ እንኳ ካልሞላ፣ ቶሎ ብላችሁ "ባትሪው ሞቷል" አትበሉ። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኬብሉን ነው።

ቻርጀሩ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። ኢንፑቱ (ከሶኬቱ የሚቀበለው) ከ100 እስከ 240 ቮልት ከሆነና ጽሑፉ እውነት ከሆነ፣ የቤቱ አምፖል ደብዘዝ ቢልም ቻርጀሩ አይደክምም። ስለዚህ ሁሉን በሰፈሩ መብራት አታሳብቡ። አውትፑቱ (ለስልኩ የሚሰጠው) ላይ ቮልቱን በአምፔሩ አባዙት፣ ዋቱን፣ ማለትም የቻርጀሩን ጉልበት ታገኛላችሁ። 5 ቮልት በ2 አምፔር 10 ዋት ነው፤ 9 ቮልት በ1.67 አምፔር ደግሞ 15 ዋት።

ጽሑፍማ ማንም ያትማል። ስለዚህ ለኩ። ዩኤስቢ ቴስተር የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች፣ በቻርጀሩና በኬብሉ መሃል ትሰካና ቮልቱንም አምፔሩንም ታሳያለች። ከሌላችሁ አንድሮይድ ላይ አምፔር (Ampere) የሚባለውን አፕ ጫኑ፤ እሱ የሚያሳየው ስክሪኑና ዳታው ከበሉት የተረፈውን፣ ባትሪው ውስጥ የሚገባውን ስለሆነ ለማወዳደሪያ ብቻ ተጠቀሙበት፣ ዳታም አጥፉ።

ስትለኩ ባትሪው ከ20 እስከ 50 በመቶ ላይ ይሁን። ከ80 በላይ ሲደርስ ወይም ሲግል ስልኩ ራሱ የሚስበውን ይቀንሳል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፦ ያው ስልክ፣ ያው ቻርጀር፣ ሌላ ኬብል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ የኬብሉ ነው። ካልተነቃነቀ የቀድሞውን ኬብል መልሳችሁ ቻርጀሩን ቀይሩ። ሁለቱን አንድ ላይ ከቀየራችሁ ግን የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

ኬብል ቀጭን መዳብ ካለው ወይም ከረዘመ ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ኤሌክትሪክ የማገድ መጠኑ (ሬዚስታንሱ) 0.25 ኦም በሆነ ኬብል 2 አምፔር ሲያልፍ ግማሽ ቮልት ይጠፋል፣ 5 ሆኖ የወጣው ስልኩ ጋ 4.5 ሆኖ ይደርሳል፣ ስልኩም ይህን ሲያይ የሚስበውን ይቀንሳል። እየለካችሁ ገመዱን አንገቱ ጋ ቀስ ብላችሁ እጠፉት፤ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ካለ ውስጡ ተበጥሷል። ፈጣን ቻርጀር ሰክታችሁ ቴስተሩ 5 ቮልት ላይ ከቀረም ብዙውን ጊዜ ስልኩና ቻርጀሩ አልተግባቡም ማለት ነው፤ ከታይፕ ኤ (ሰፊው ባለ አራት ማዕዘን ጫፍ) ወደ ታይፕ ሲ (ትንሹ ሞላላ ጫፍ) የሚሄድ ርካሽ ኬብል አንዳንዴ የዳታ ሽቦ የለውም። ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ፋይል ማስተላለፍ እንቢ ካለ ይሄው ሊሆን ይችላል።

የስልኩን ቀዳዳም እዩት። የኛ ሰፈር አቧራ ከኪስ ብናኝ ጋር ይጠቀጠቅበታል። ስልኩን አጥፍታችሁ በእንጨት ስቴኪኒ በስሱ አውጡት፣ መርፌ ግን አታስገቡ።

የሚሸት ወይም እጅ የሚያቃጥል ቻርጀር ከሆነ ልኬትም አያስፈልገውም፣ ንቀሉትና ጣሉት። አዲስ ልትገዙ መርካቶ ስትወርዱ ቴስተሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ብሩን ከመስጠታችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ለኩ።